ክብደት ለመቀነስ ከሚደረግ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት

መግቢያ

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በጊንጪ አንድ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀውን አቀባበል ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል፤ መሐሉ በቅቤ የተሞላ ገንፎ ይቀርባል፤ «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ ብቻ!» ይባላል፤ በመጨረሻም የበላው እንዲዋሃድለት አምቦ ውሃ ይከፈትለታል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው። ይሁን እንጂ የተመለሰው ሰው ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ከሆነ ያው ገንፎ፣ ያው ጉርሻና ያው አምቦ ውሃ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊጎዱት ይችላሉ።

ይህ ቀዶ ሕክምና በአገራችን በዋናነት የሚሠራው በአዲስ አበባ በሚገኙ ሆስፒታሎች ነው፤ ወደ ውጭ አገር ተጉዘው የሚያሠሩም አሉ። ታካሚው በሆስፒታል የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ከማገገሚያው ጊዜ የሚበዛው ክፍል የሚያልፈው በቤት ውስጥ ነው። በመሆኑም አስታማሚው እናት ወይም እህት፣ አብዛኛውን ጊዜም በቤቱ ያለ ተማሪ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ በእነዚያ ቀናት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚከናወን፣ የሐኪሙ ትእዛዝ በምን ሳይንሳዊ ምክንያት ላይ እንደሚቆምና አስታማሚው በምን መንገድ ሊረዳ እንደሚችል ለማስረዳት እንሞክራለን። ጽሑፉ የሐኪምን ምክር አይተካም፤ የሐኪሙን ምክር ለመረዳት ግን ይጠቅማል።

«በድርቅና በረሃብ ስሟ በሚነሳ አገር ይህ ጉዳይ ያሳስበናል ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በአገራችን በተካሄዱት የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል 30 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች ከሲታ፣ 3 በመቶዎቹ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሲታዎቹ ወደ 22 በመቶ ሲወርዱ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ወደ 8 በመቶ ከፍ ብለዋል። እንግዲህ ሁለቱ ችግሮች ዛሬ ጎን ለጎን ይገኛሉ ማለት ነው።

ቀዶ ሕክምናው ምን ያደርጋል?

የአዋቂ ሰው ጨጓራ እየተለጠጠ አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊይዝ የሚችል ከረጢት ነው። በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሠሩት የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ሁለት ናቸው። በመጀመሪያው ዓይነት ሐኪሙ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን በቁመቱ ቆርጦ ያወጣና እንደ እጅጌ ጠባብና ረጅም የሆነ ቱቦ ብቻ ይተዋል። ይህ ቱቦ የሚይዘው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። በሁለተኛው ዓይነት ከጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትያያዛለች፤ ምግቡም ቀሪውን የጨጓራ ክፍልና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። በሁለቱም ዓይነት የተቆረጠው ጠርዝ የሚዘጋው በልዩ የመስፊያ መሣሪያ ነው።

የሁለተኛው ዓይነት መነሻ አንድ ቀላል ትዝብት ነበር። በጨጓራ ቁስል ምክንያት ከፊል ጨጓራቸው የተወገደላቸው ሕሙማን ከሲታ ሆነው እንደሚቀሩና ክብደት መጨመር እንደሚያቅታቸው ሐኪሞች ያስተውሉ ነበር። በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ኤድዋርድ ሜሰን ከባልደረባቸው ቺካሺ ኢቶ ጋር በመሆን ይህን «ጉዳት» ወደ ሕክምና ለውጠው ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1966 ጀመሩ። ሕክምናው የሚታዘዘው ለማንኛውም ወፍራም ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በታደሰው ዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት የሰውነት ክብደት መለኪያቸው፣ ማለትም ክብደታቸው በኪሎ ግራም ለቁመታቸው በሜትር ካሬ ሲካፈል፣ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች ይመከራል፤ የስኳር በሽታን የመሰለ ተጓዳኝ ሕመም ካለ ግን ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል።

«ይተኛ፤ አይነቃነቅ» የሚለው ልማድ

ሆዱን የተቀደደ ሰው ሲነሳ ስፌቱ ይተረተራል የሚለው ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካም የሆድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት በጀርባው እንዲተኛ ይደረግ ነበር። በቺካጎ ይሠሩ የነበሩት ኤሚል ሪስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሕሙማኑን ቶሎ ማስነሳት እንደሚሻል ቢጽፉም ሰሚ ያገኙት ጥቂት ነበሩ። ሐሳቡ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው በ1940ዎቹ ሲሆን በ1990ዎቹ ደግሞ ዴንማርካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት ቶሎ መነሳትን፣ ቶሎ መጠጣትንና የተመጠነ የሕመም ማስታገሻን በአንድነት አቀናጅተው ሕሙማን በፍጥነት የሚያገግሙበትን ሥርዓት ዘረጉ። ዛሬ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ችግር ከሌለው በዚያው ዕለት፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ተደግፎ ከአልጋው እንዲነሳ ይደረጋል። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

1ኛ፤ ደም እንዳይረጋ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሩዶልፍ ፊርኮ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካደረጓቸው ምርምሮች በመነሳት ደም በሥር ውስጥ እንዲረጋ የሚያደርጉ ሦስት ነገሮች ተለይተው ይታወቃሉ፤ እነርሱም የደም ፍሰት መዘግየት፣ የደም ሥር ግድግዳ መጎዳትና የደም የመርጋት ዝንባሌ መጨመር ናቸው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወፍራም ሰው ሦስቱም አሉበት። በእግር ሥር የረጋ ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። በሌላ በኩል ስንራመድ የባት ጡንቻ በተጨማደደ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ ስለሚገፋው ባታችን እንደ ሁለተኛ ልብ ያገለግላል። ሐኪሙ የሚያዘው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌም የዚሁ ጥንቃቄ አካል ነው።

2ኛ፤ ሳንባ እንዲከፈት። በማደንዘዣና ረዘም ባለ መተኛት ምክንያት በሳንባ የታችኛው ክፍል ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይታጠፋሉ። የታጠፈ ከረጢት አክታ ያቁራል፤ አክታው ደግሞ ለሳንባ ምች መነሻ ይሆናል። በመሆኑም ታካሚው ነቅቶ ባለበት በየሰዓቱ አሥር ጊዜ ያህል በጥልቀት እንዲተነፍስ ይመከራል። ለማሳል ሲፈልግ የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ሆዱ ላይ ይዞ ቢደግፍ ሕመሙ ይቀንስለታል፤ ሲተኛም ከራስጌው ከፍ ማለት ይገባዋል።

3ኛ፤ አንጀት እንዲነቃ። ሆድ ሲከፈትና አንጀት ሲነካ የምግብ መፍጫው እንቅስቃሴ ለጊዜው ይቆማል። ይህን ዎልተር ካነንና ፍሬድ መርፊ በእንስሳት ላይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1906 አሳይተዋል። ሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ አይነቃም፤ ትንሹ አንጀት በሰዓታት ውስጥ፣ ጨጓራ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን፣ ትልቁ አንጀት ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰገራ አለመውጣቱ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የሆድ መንጫጫትና የፈስ መውጣት ግን የመንቃት ምልክቶች ናቸው።

ከአዲስ አበባ አምቦ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ታካሚው ወደ ቤቱ ሲመለስ ለረጅም ጊዜ እግሩን አጥፎ መቀመጡ አይቀርም። መኪናውን በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ እያቆሙ ለጥቂት ደቂቃዎች ማራመድ፣ በጉዞው ላይም ቁርጭምጭሚቱን ደጋግሞ እንዲያንቀሳቅስ ማሳሰብ ቀላል ነገር ግን ታላቅ ጥቅም ያለው ጥንቃቄ ነው። እንቅስቃሴ ሲባል ግን ከባድ ዕቃ ማንሳት ማለት እንዳልሆነ መታወስ አለበት፤ ውሃ በጄሪካን መሸከምና እንጨት መፍለጥ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ክልክል ናቸው።

በሆድ ውስጥና በጠርሙስ ውስጥ ያለው ጋዝ

ይህ ቀዶ ሕክምና በአሁኑ ጊዜ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ ነው። ሐኪሙ በግልጽ እንዲያይ የሆድ ዕቃ በጋዝ ይነፋል። የሚመረጠው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ምክንያቱም አይቀጣጠልም፣ በደም ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፣ በትንፋሽም ይወጣል። ከሥራው በኋላ የሚቀረው ጥቂት ጋዝ ግን ሳንባንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ያስቆጣዋል። የድያፍራም ነርቭ የሚነሳው ከአንገት ሲሆን የትከሻ ቆዳ ነርቮችም ከዚያው አካባቢ ይነሳሉ። አንጎል የመልእክቱን መነሻ ስለሚያምታታ ሆዱን የታከመው ሰው «ትከሻዬን አመመኝ» ይላል። ይህ ሕመም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይቀንሳል፤ መራመድም ያቀለዋል። ከትንፋሽ እጥረት ጋር ከመጣ ወይም እየባሰ ከሄደ ግን በዝምታ አይታለፍም።

ይኸው ጋዝ በአካባቢያችን ከምድር ከሚወጣው ታዋቂ የማዕድን ውሃ፣ ከአምቦ ውሃ፣ ጋርም ይገኛል። ከከባድ ምግብ በኋላ አምቦ ውሃ ጠጥቶ ማግሳት ለብዙዎቻችን የእፎይታ ምልክት ነው። ጨጓራው የጠበበበት ሰው ግን ለምን እንደሚከለከል በቀላል ስሌት እንየው።

አንድ ጋዝ የሞላበት መጠጥ የይዘቱን ሦስት እጥፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሟሙቶ ይዟል እንበል። 50 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ መጠጥ፣ በባሕር ወለል የአየር ግፊትና በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢለካ 150 ሚሊ ሊትር ጋዝ ይለቃል። በሰውነታችን ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ይህ ጋዝ ወደ 170 ሚሊ ሊትር ይሰፋል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ 170ን ለ0.78 ስናካፍል 218 ሚሊ ሊትር እናገኛለን። በመቅዳትና በማግሳት ከፊሉ እንደሚወጣ ብናስብ እንኳ ገና ትኩስ ስፌት ላለበት፣ 100 ወይም 150 ሚሊ ሊትር ለሚይዝ ጨጓራ ይህ ብዙ ነው፤ 30 ሚሊ ሊትር ለምትይዘው ከረጢትማ የበለጠ ይከብዳል። ውጤቱ መወጠር፣ ሕመምና ማስመለስ ሊሆን ይችላል። ይኸው ምክንያት ለለስላሳ መጠጦችና ለቢራም ይሠራል። በእነዚህ ቀናት ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

በማንኪያ የሚለካ ውሃ

ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሰዎችን ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱ ችግሮች ዋነኛው የሰውነት ፈሳሽ መቀነስ ነው። በሆስፒታል ሳለ ጉሉኮስ በክንዱ ይገባለት የነበረ ሰው ቤቱ ሲደርስ ያለው መንገድ አፉ ብቻ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊደርስበት የሚገባው መጠን ብዙውን ጊዜ በቀን 1.5 ሊትር ያህል ነው። ታዲያ በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ የሚይዝ ጨጓራ ይህን ሁሉ እንዴት ያስተናግዳል?

መልሱ የሚገኘው በጊዜ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። 1.5 ሊትር ማለት 100 ማንኪያ ነው። ታካሚው በቀን 15 ሰዓት፣ ማለትም 900 ደቂቃ፣ ነቅቶ ቢቆይ በየዘጠኝ ደቂቃው አንድ ማንኪያ ይደርሰዋል። በአንድ ትንፋሽ የተጨለጠ ብርጭቆ የሚያስመልሰው ሰው በማንኪያ ቢጠጣ ያንኑ መጠን ያለችግር ይጨርሳል። በመጀመሪያው ቀን መጠኑ ከዚህ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ከሰጠው ልክ አይታለፍም። ፈሳሹ መብቃቱን የሚያሳየው ቀላል መለኪያ ሽንት ነው፤ ከጠቆረና ከተመናመነ ውሃው አልበቃም ማለት ነው።

የምግብ ደረጃዎች

የተሰፋው ጠርዝ እንዲድን ጨጓራው ከጠጣር ምግብ ማረፍ አለበት። ዝርዝሩ ከሆስፒታል ሆስፒታል ቢለያይም ቅደም ተከተሉ ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፈሳሽ ይሰጣል፤ ይኸውም ውሃ፣ ስቡ ተገፍፎ የተጣራ መረቅና ስኳር የሌለው ቀጭን ሻይ ነው። ቀጥሎ ባሉት አንድና ሁለት ሳምንታት ወፈር ያለ ነገር ግን እብጠት የሌለው ፈሳሽ ይከተላል፤ ፈልቶ ስቡ የተገፈፈለት ወተት፣ ከፈላ ወተት የተዘጋጀ እርጎ ቀጥኖ፣ በወንፊት የተጣራ የምስር ሾርባና ስስ አጥሚት ያለ ስኳር ለዚህ ይሆናሉ። ከዚያም ለስላሳና የላመ ምግብ፣ ለምሳሌ በርበሬና ቅባት ያልበዛበት ስስ ሽሮ፣ ዓይብና በደንብ የተፈጨ እንቁላል ይጀመራል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ቆሎና ጥብስ ከሁሉም በኋላ የሚመጡ ናቸው። ገንፎም ልስላሴው አያታልለን፤ ወፍራም፣ የሚጣበቅና ቅቤ የበዛበት በመሆኑ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይሆንም።

በእነዚህ ጥቂት ጉንጮች ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጠው ለፕሮቲን ነው፤ ቁስል የሚድነውና ጡንቻ የሚጠበቀው በእርሱ ነውና። የሚመከረው ዝቅተኛ መጠን በቀን 60 ግራም ያህል ነው። አንድ ሊትር ወተት 32 ግራም ገደማ፣ አንድ እንቁላል ደግሞ 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን እንደሚይዙ ብናስብ መጠኑን በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሙላት አስቸጋሪ መሆኑ ይገባናል። በመሆኑም ሐኪሞች የፕሮቲን ዱቄትና የቫይታሚን እንክብል ያዛሉ። በተለይ ቫይታሚን ቢ1 በሰውነት ውስጥ የሚከማቸው ለሁለትና ለሦስት ሳምንታት የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው ይህን ክምችት ይጨርስና ነርቩና አንጎሉ ሊጎዱ ይችላሉ። «ይለምደዋል» እየተባለ የሚታለፍ ትውከት ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ማር፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይና ጣፋጭ መጠጥም ይከለከላሉ። በተለይ በሁለተኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ስኳሩ በጨጓራ ሳይቆይ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል፤ የተከማቸው ስኳር ውሃን ከደም ወደ አንጀት ስለሚስብ ታካሚው ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፣ ያጥወለውለዋል፣ ተቅማጥም ይይዘዋል። ጠላ፣ አረቄና በጉደር ስም የሚጠራው ወይን ጠጅ ደግሞ ከቀድሞው በፈጠነ ሁኔታ ወደ ደም ስለሚገቡ በጥቂቱ ያሰክራሉ።

«አልራበኝም» ሲል እውነቱን ነው

በ1999 እ.ኤ.አ. ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን አገኙ። ይህ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ የላይኛው ክፍል ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ቀዶ ሕክምና ተቆርጦ የሚወጣው ይኸው ክፍል በመሆኑ የግሬሊን መጠን በእጅጉ ይወርዳል። ስለዚህ ታካሚው «አልራበኝም» ሲል ይሉኝታ ይዞት ወይም ተኮራርፎ አይደለም፤ የረሃቡ መልእክተኛ ከአካሉ ስለቀነሰ ነው።

ጉርሻ በእኛ ዘንድ የፍቅር ቋንቋ ነው፤ እምቢ ማለትም ያስነውራል። በእነዚህ ቀናት ግን ታካሚው ከራሱ ሕመም ይልቅ ከአክባሪዎቹ ጋር ሲታገል ይውላል። አክስቱ «በሞቴ» ሲሉት እምቢ ማለት ያቅተዋል፤ ከዋጠም ስፌቱ ይወጠራል። ስለዚህ እምቢታውን ታካሚው ብቻ እንዲሸከመው መተው ተገቢ አይደለም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንግዶቹን በር ላይ ተቀብሎ «ሐኪም ከልክሎታል፤ ጉርሻው ለወሩ ይቀመጥለት» ቢል ክብርም አይጓደልም፣ ታካሚውም ይድናል። ጠያቂ መርዳት ከፈለገ አብሮት በግቢው ውስጥ ቢራመድ ከገንፎው የበለጠ ይጠቅመዋል።

ከሕመም ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምት

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው የተሰፋው ጠርዝ ከፍቶ የጨጓራው ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ ሲያሾልክ ነው። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላም ሊከሰት ስለሚችል አስታማሚው ሊያውቀው ይገባል። በቀጭን ሰው ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሆዱ እንደ ጣውላ ይደርቃል፤ ሲነኩትም ያስጮኸዋል። በወፍራም ሰው ግን ይህ ምልክት ሊደበቅ ይችላል። በአንጻሩ ሰውነት ለብክለቱ መልስ ሲሰጥ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽም ከሥሮቹ ይወጣል፣ ልብም ጉድለቱን ለማካካስ ይፈጥናል። በመሆኑም ከትኩሳትና ከከባድ ሕመም አስቀድሞ ሊታይ የሚችለው ምልክት የልብ ምት መፍጠን ነው።

የልብ ምትን ለመለካት ሰዓትና ሁለት ጣት ይበቃሉ። ታካሚው ለአሥር ደቂቃ ካረፈ በኋላ አመልካችና መሐል ጣትን ከእጁ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣቱ በኩል፣ በቀስታ በማሳረፍ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየተለካ ከሰዓቱ ጋር በደብተር ይመዝገብ። አርፎ ሳለ የልቡ ምት ከ120 በላይ ሆኖ ከቀጠለ «ድካም ነው» ብሎ ማደር አይገባም። ከዚህ በተጨማሪ ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፦

ሀ) ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፤
ለ) እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፤
ሐ) የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት፤
መ) የአንድ እግር ማበጥና ባት ላይ ማመም፤
ሠ) ውሃ እንኳ የማያሳድር ትውከት፤
ረ) ደም የተቀላቀለበት ትውከት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፤
ሰ) የሽንት በጣም ማነስ፣ ሲነሱ መፍዘዝ ወይም መሳት።

ምስጢሩ ከሐኪም አይደበቅ

በማኅበረሰባችን ውፍረት ለረጅም ጊዜ የምቾት ምልክት ሆኖ ቆይቷል፤ በድንገት የከሳ ሰውም «ምን አገኘው?» ያሰኛል። በዚህ ምክንያት ቀዶ ሕክምናቸውን ከጎረቤት የሚደብቁ አሉ። ይህ መብታቸው ነው። ከአስታማሚና ከሐኪም መደበቅ ግን ሕይወትን ያሳጣል። ታካሚው በሌሊት ቢታመም በመጀመሪያ የሚደርሰው ቀዶ ሕክምናውን ወደ ሠራው ሆስፒታል ሳይሆን አምቦ ወይም ጌዶ ወዳለው ሆስፒታል ነው። ተረኛው ሐኪም የጨጓራው ቅርጽ መለወጡን ካላወቀ የሕመሙን መነሻ በሌላ አቅጣጫ ይፈልጋል፤ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባ ቱቦ እንኳ ለትኩሱ ስፌት አደጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠው ወረቀት፣ የቀዶ ሕክምናው ዓይነትና ቀን፣ የሐኪሙም ስልክ ቁጥር ሁልጊዜ ከታካሚው ጋር ይሁን።

መድኃኒትም እንደዚሁ ነው። ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገኙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራን ስለሚያቆስሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ይወስድ የነበረ የስኳር ሕመምተኛ አመጋገቡ በድንገት ስለቀነሰ በቀድሞው መጠን ቢቀጥል ስኳሩ እጅግ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒትም መጠኑ እንደገና መታየት አለበት። ፌጦና ኮሶን የመሳሰሉ የቤት መድኃኒቶች ደግሞ ለዚህ ጨጓራ አይቀርቡም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው የእነዚህ ቀናት ሕክምና ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ማንኪያ፣ ሰዓት፣ ደብተርና አብሮ የሚራመድ ሰው ይበቃሉ። ስለመራመድ፣ ስለመተንፈስና ስለልብ ምት የተነገረው በአካባቢያችን ሆስፒታሎች ለትርፍ አንጀት ወይም ለአንጀት መታጠፍ ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰውም ይጠቅማል፤ የምግቡ ጊዜ ግን እንደየሕመሙ ስለሚለያይ በሐኪሙ ይወሰናል። የጨጓራ ቀዶ ሕክምና በሰዓታት ያልቃል፤ ታካሚው ደኅና መሆኑ የሚረጋገጠው ግን በቀጣዮቹ ቀናት በሚደረግለት ክትትል ነው። ያን ክትትል ማድረግ የሚችለው በቤቱ ያለው ሰው ነው። ውድ ተማሪዎች፣ በክፍል ውስጥ የተማራችሁት የጋዝ ሕግና የደም ዝውውር ትምህርት በአንድ ቤት ውስጥ ሕይወት የሚያተርፍበት ቀን ሊመጣ ይችላልና ማንኪያውንና ሰዓቱን ለመያዝ አታመንቱ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ታካሚ በቀን 1.2 ሊትር እንዲጠጣ ታዟል፤ የሚነቃውም ለ14 ሰዓት ነው። 15 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ማንኪያ በየስንት ደቂቃው መጠጣት አለበት?

2. ይዘቱን ሁለት እጥፍ ጋዝ የያዘ 60 ሚሊ ሊትር መጠጥ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በአምቦ የአየር ግፊት ምን ያህል ጋዝ ሊለቅ ይችላል?

3. ሆዱን የታከመ ሰው ትከሻውን የሚያመው ለምንድን ነው? ሕመሙ መቼ ያሰጋል?

4. አያትህ ወይም አያትሽ ለታካሚው ገንፎ ይዘው ቢመጡ ምክንያቱን ሳያስቀይሙ እንዴት ታስረዷቸዋላችሁ? በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።